ስለ ግቢው ሣርና ስለ አራተኛው ፎቅ ውሃ

ቀን፦ ዝናብ ከጠፋ በአምስተኛው ወር፣ በሁለተኛው ቅዳሜ
ቦታ፦ ምድር ቤት፣ የልብስ ሰፊዋ የሥራ ክፍል፤ ሣሩ በመስኮት ስለሚታይ ተመርጧል
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል

የተገኙ የሕንፃው ኮሚቴ አባላት፦ ሰብሳቢው፣ ጡረታ የወጡ የእግር ኳስ ዳኛ፤ ልብስ ሰፊዋ፤ የጥርስ ሐኪሙ። ያለ ድምፅ፦ ጸሐፊዋ፣ የሰብሳቢው የእህት ልጅ።

ያልተገኙ፦ ሒሳብ ሹሙ፣ ገላቸውን ሊታጠቡ እህታቸው ቤት ስለ ሄዱ፤ የአራተኛ ፎቋ የመንታዎቹ እናት፣ “ዛሬስ ውሃ መጣች፤ ልጆቹን አጥቤ እወርዳለሁ” ብላ ስለ ላከች።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከአምስቱ አባላት ሦስቱ መገኘት ይኖርባቸዋል። የጥርስ ሐኪሙ ስልክ እያነጋገሩ አንድ እግራቸው ከደጃፉ ውጭ ስለ ነበር፣ ልብስ ሰፊዋ “ሁለት ተኩል ነን” ሲሉ ተቃውመዋል። ሰብሳቢው መስመር የነካ ሁሉ ሜዳ ውስጥ ነው በማለት ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን በፊሽካ አረጋግጠዋል።

አጀንዳ ፩፦ ሣሩን ድርቅ በሚችሉ ተክሎች ስለ መተካት

ጸሐፊዋ የተዘጋጀውን ሐሳብ በንባብ አሰማች። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ውሃ ወደ ሕንፃው የሚመጣው በፈረቃ ሲሆን የመጣው ሁሉ በአንድ ታንከር ይጠራቀማል። የሣሩ ማጠጫ ጎማ የተቀጠለው ከታንከሩ ሥር ስለ ሆነ፣ ሣሩ ጠጥቶ ሳይጠግብ ወደ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ጠብታ የለም። ስለዚህ ሣሩ ተነሥቶ በምትኩ ጠጠር ይነጠፍ፤ እሬትና ቁልቋል፣ ሥሩ ጠልቆ የሚሄድ አንድ ጥላ ዛፍም ይተከል።

ሰብሳቢው ሣሩን በገዛ እጃቸው መትከላቸውን፣ ከዚያ ወዲህም ማንም እንዳልረገጠው በኩራት ገልጸዋል። ልብስ ሰፊዋ፣ “ታዲያ ጋሼ፣ ለእግርም ለከብትም ካልሆነ ምን ያደርግልናል?” ብለዋል። ሰብሳቢው ይታያል ብለዋል። ልብስ ሰፊዋ የመንታዎቹ እናትም ባልዲ ተሸክማ ደረጃ ስትወጣ በየቀኑ እንደምትታይ አስታውሰዋል። ሰብሳቢው ለልብስ ሰፊዋ ቢጫ ካርድ አሳይተዋል።

የጥርስ ሐኪሙ ጤነኛ ነገር መንቀል ከሙያቸው ሥነ ምግባር ጋር እንደሚጋጭ አስረድተው፣ በሣሩ ላይ የፕላስቲክ ሣር እንዲነጠፍና ጠዋትና ማታ በብሩሽ እንዲታጠብ ሐሳብ አቅርበዋል። በምን ውሃ እንደሚታጠብ ሲጠየቁ ስልካቸው ጠርቷል። ሰብሳቢው ጠጠሩ ይሁን፣ ግን አረንጓዴ ይቀባ ብለዋል። ልብስ ሰፊዋ ቁልቋሉ ከልብስ ማስጫው ገመድ እንዲርቅ ጠይቀው፣ ቁልቋሉ የሰፉትን እየቀደደባቸው እንደገና እንዲሰፉት የሚፈልግ ካለ እጁን እንዲያወጣ ጋብዘዋል። እጅ አልወጣም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሣሩ እንዲነሣ ተወሰነ። ሰብሳቢው ድምፅ የሰጡት “እንግዲህ ምን አደርጋለሁ” በማለት ሲሆን፣ በቃለ ጉባኤው “በሙሉ ልብ” ተብሎ እንዲገባ ጠይቀዋል። እንደ ተናገሩት ገብቷል።

አጀንዳ ፪፦ ስለ አፈጻጸሙ

ዘበኛው ተጠርተው መንቀል እንዲጀምሩ ታዘዙ። ወዲያው ተመልሰው ከሣሩ ሥር ያለው መሬት ድንጋይ መሆኑን፣ ዶማውም ነጥሮ ግንባራቸውን ሊላቸው እንደ ነበር አመልክተዋል። ሰብሳቢው የደረቀ ሜዳ ሳይርስ እንደማይቆፈር ከልምዳቸው አስረዱ። ጸሐፊዋ ውሃ ለመቆጠብ ውሃ ማፍሰስ የሐሳቡን መሠረት እንደሚንድ ለማሳሰብ ሞከረች። ሰብሳቢው፣ “አንቺ ልጅ፣ ድምፅ የለሽም” አሏት። ድምፅ እንደሌላት ተመዝግቧል።

ከረጅም ውይይት በኋላ መሬቱ እስኪለሰልስ ድረስ ጎማው እንዲከፈት ተወሰነ። ዘበኛው ውሳኔውን በዚያው ቅጽበት ፈጽመዋል። አንድ የኮሚቴው ውሳኔ በተወሰነበት ዕለት ሲፈጸም ይህ የመጀመሪያው ነው።

አጀንዳ ፫፦ ልዩ ልዩ

በጠጠሩ ቀለም ላይ ክርክር እየተደረገ ሳለ ሰብሳቢው ወደ መስኮቱ ሄዱ። አባላቱም ተከተሏቸው። አቧራው የታጠበለት ሣር ያብረቀርቅ ነበር። የጥርስ ሐኪሙ ያሳዝናል አሉ። ልብስ ሰፊዋ እንኳ ማማሩን አልካዱም።

በዚህ መካከል የመንታዎቹ እናት አንደኛውን ልጅ በፎጣ ጠቅልላ ገባች። የልጁ ራስ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ነበር፤ ሁለተኛውም በዚሁ ሁኔታ ከአባቱ ጋር ላይ መቅረቱን አስታወቀች። ቀጥላም፣ “ጋሼ፣ ውሃዋ ቀጥ አለች። የዚህን ራስ በምን ላለቅልቀው? በፊሽካዎ?” ስትል ጠይቃለች።

ሰብሳቢው ካርድ አላወጡም። ለክፉ ቀን ያስቀመጡት ጀሪካን ከቤታቸው እንዲመጣ አዘዙ፤ ሕፃኑንም ራሳቸው ደግፈው ይዘው እናቱ አለቀለቀችው። የቀረውን ውሃ ዘበኛው ጎማውን ዘግተው ለሁለተኛው አደረሱ። ሕፃኑ ፊሽካውን ጎርሶ ስለ ነበር ስብሰባው ለጊዜው ያለ ሥርዓት ቀጥሏል።

ልብስ ሰፊዋ ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ቢመለስ እንደሚሻል ጠቁመው፣ “ሣሩን አንንካው ጋሼ፤ ጎማውን ብቻ እናንሣው። ከዚያ የሣሩን ነገር ሣሩ ይወስን” ብለዋል። ሰብሳቢው “ሣሩን አንንካው” ከሚለው በኋላ ያለውን የሰሙ አይመስልም። ደጋግመው አመስግነዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ ተሰርዟል። ሣሩ አይነቀልም፣ አይሸፈንም፣ አይቀባም። የማጠጫው ጎማ ከነመቀጠያው ተጠቅልሎ በአራተኛ ፎቅ፣ በመንታዎቹ እናት እጅ ይቀመጣል።

ሰብሳቢው ከፈረሙ በኋላ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አነበቡ። ከዚያም የልጆቹ እጣቢ የት እንደሚደፋ ጠየቁ። የመንታዎቹ እናት፣ “ለሣርዎ ይሆናል ጋሼ፤ ወጥተው ከወሰዱት” ስትል መልሳለች።

ስብሰባው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተበትኗል። ሰብሳቢው ባልዲ ይዘው ደረጃ ሲወጡ ታይተዋል።