ሦስት እንባ በብርጭቆ

(ኪዮስ ደሴት፣ ፒርጊ መንደር፣ አሮጌ የማስቲካ መጋዘን ደጃፍ። ስታማቲስ ሎንዶን ሄዶ ኮክቴል፣ ማለትም ድብልቅ መጠጥ፣ መቀመም ተምሮ ተመልሷል። እናቱ “እንባ” የሚሉትን፣ ከዛፍ ተንጠባጥቦ የሚደርቀውን የማስቲካ ሙጫ ስትለቅም የኖረችው እዚህ መጋዘን ውስጥ ነበር። አሁን መጠጥ ቤት ሊያደርገው ቋምጧል። የመጋዘኑ ባለቤት ሽማግሌው ባርባ ኢሲዶሮስ “መጀመሪያ መጠጡን ልቅመስ” ብለው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። የስታማቲስ የአክስት ልጅ ፓንዴሊስ በረዶ ይሰብራል።)

ፓንዴሊስ፦ ማስቲካ ይታኘካል እንጂ ይጠጣል እንዴ?

ስታማቲስ፦ እንባ በል፣ እንባ! ለየብርጭቆው ሦስት ሦስት ጣል።

ፓንዴሊስ፦ የዛፉን እንባ ለእኔ ልታስተምረኝ? እኔ የምጠይቅህ ስለ ጥርስ ነው።

ስታማቲስ፦ የምን ጥርስ? ማስቲካውን አረቄው ያለሰልሰዋል። ሎንዶን ሰዉ ተሰልፎ ነው የሚጠጣው።

ፓንዴሊስ፦ ሰልፉ የጥርስ ሐኪም ጋ እንዳይሆን ብቻ።

ስታማቲስ፦ መንደሪኑን ጭመቅ! ከዚያ አረፋውን አምጣ።

ፓንዴሊስ፦ (ባልዲ ያነሳል) ይኼን የሳሙናውን?

ስታማቲስ፦ የእንቁላል ነጩን! አምላኬ፣ ከማን ጋር ነው የምሠራው!

ፓንዴሊስ፦ ከአክስትህ ልጅ ጋር። ሽማግሌውን ለምኜ ያመጣሁልህ እኔ። የመጠጥ ቤቱ ግማሽ የኔ ቢሆን ይበዛብኛል?

ስታማቲስ፦ ግማሽ? አንተ ብርጭቆ ታጥባለህ!

(ባርባ ኢሲዶሮስ በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። እንባዎቹን አኘኩ። አገጫቸው ቀጥ አለ። ራሳቸውን ወደ ላይ ቀና አደረጉ።)

ስታማቲስ፦ እሺ አሉ! አየህ?

ፓንዴሊስ፦ አይ ሎንዶን! የአገርህ ምልክት ጠፋህ? እዚህ ራስ ወደ ላይ ከሄደ እምቢ ነው።

(ሽማግሌው ራሳቸውን እንደገና ቀና አደረጉ።)

ፓንዴሊስ፦ ይኸው፣ ደገሙት።

ስታማቲስ፦ (ወደ ሽማግሌው ዞሮ) ባርባ፣ እናቴ እኮ እዚያ መስኮት ሥር ነበር የምትቀመጠው። ከትምህርት ቤት ስመጣ አንዷን ፍሬ አፌ ውስጥ ጣል ታደርግልኝ ነበር። ያንን ጣዕም ነው የፈለግሁት... ምን ጎደለው? ቆይ፣ እኔው ልቅመሰው።

(ጨለጠ። አኘከ። አገጩ ቀጥ አለ። ራሱ ወደ ላይ ቀና።)

ፓንዴሊስ፦ አንተም እምቢ?

ስታማቲስ፦ ምምም!

ፓንዴሊስ፦ (አንዴ የአንዱን፣ አንዴ የሌላውን አገጭ ያያል) ውይ! ለካስ እምቢ አይደለም! ጥርሳችሁ ተጣብቆ ልታላቅቁት ስትታገሉ ነው!

(ኮፍያውን አውልቆ በሽማግሌው ፊት ቆመ።)

ፓንዴሊስ፦ ባርባ ኢሲዶሮስ፣ መጋዘኑን አልሰጥም የሚሉ ከሆነ አሁኑኑ ይናገሩ!

(የሽማግሌው ትከሻ በሳቅ ይርገፈገፋል። ከኪሳቸው የመጋዘኑን ቁልፍ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ወረወሩ።)

ፓንዴሊስ፦ ተፈቀደ! ስታማቲስ፣ ግማሹ ለእኔ መሆኑን የምትቃወም ከሆነ አንተም አሁኑኑ ተናገር።

ስታማቲስ፦ ምምምም! ምምም!

ፓንዴሊስ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ። ብርጭቆዎቹን ስታጥብ እንዳትሰብራቸው።