ዲሰንት ለቅሶ

ጨዋ ማን እንደሆነ የሚነግረን ሁልጊዜ ሌላ ሰው መሆኑን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? «እኔ ጨዋ ነኝ» ብሎ የሚጀምር ሰው ከገጠማችሁማ ቦርሳችሁን ጠበቅ አድርጉ።

በእኛ ቤት ይህን ሹመት የያዘው ልጄ ይርጋ ነው። በሚሠራበት ወደብ ከውጭ መርከበኞች ጋር በእንግሊዝኛ ሲነጋገር ስለሚውል «ጨዋ» አይበቃውም፤ «ዲሰንት» ይላል። ዲሰንት ሰፈር፣ ዲሰንት ጎረቤት፣ ዲሰንት ሶፋ። ከአገራችን ርቀን በመጣንበት በዚህ ዕብራይስጥ ተናጋሪ ከተማ ሰፈሩ ሁሉ «ሮቫ» እየተባለ በፊደል ይጠራል፤ እሱ ሮቫ ቴት ቫቭ አዲስ ሕንጻ ገብቷል፤ እኔ ሮቫ ሔት፣ ከባለቤቴ ከባዬ ጋር በኖርንበት አሮጌ ቤት ቀርቻለሁ።

የባዬ የሙት ዓመት ሲቃረብ ይርጋ መጣና «እማዬ፣ ተዝካሩ ዲሰንት ይሁን» አለኝ። ጸሎት አለ፣ ምግብ አለ፤ ሙሾ የለም። ባዬ የሞተ ጊዜ ስናለቅስ አንዱ ጎረቤት ሰው የሚታረድ መስሎት ፖሊስ ጠርቶ ነበርና ልጄ አፍሯል። ፖሊሱስ ደግ ልጅ ነበር፤ መጣ፣ አየ፣ ንፍሮ ዘግኖ ሄደ።

በእኛ አገር፣ በጎንደር ገጠር፣ ሰው ሞቶ ሥራው በሙሾ ካልተጠራ ሁለተኛ እንደ ሞተ ነው የሚቆጠረው። ባዬን ሁለተኛ ልግደለው?

ለባግሩት፣ ለሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያው የእንግሊዝኛ ፈተና የምታጠናውን የይርጋን ልጅ፣ ሺራን፣ «ይህ ዲሰንት የሚሉት ምንድን ነው?» አልኳት። እኔን አያቷን በዕብራይስጥ «ሳፍታ» ነው የምትለኝ፤ ስልኳን ነካካች።

«ብዙ ነገር ነው፣ ሳፍታ። ልብሱን የለበሰ ሰው ዲሰንት ነው። የሚያኖር ደሞዝም ዲሰንት ነው። ደግ ሰውም።»

«ከወዴት የመጣ ነው?»

«ከላቲን። የሚገባ፣ የተገባ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ጌጥ የሚሉበት ቃልም ከዚያው ዘር ነው።»

ልብስስ ለብሻለሁ። ባዬ በሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ መጋዘን ውስጥ፣ ጀርባው እስኪጎብጥ ተሸክሞ ያመጣት ደሞዝ ዲሰንት አልነበረችም፤ በሷ ያፈረ ሰው ግን አላየሁም። ጨዋነት የተጠየቅነው ስናለቅስ ብቻ ነው።

በተዝካሩ ቀን ቄሱ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ ይርጋ መስኮቱን ዘጋ። ከፈትኩት። ዘጋው። ከፈትኩትና ተደግፌው ቆምኩ፤

«የሱዳንን በረሃ በእግሩ የጨረሰ፣
ከሊፍት እስከ በሩ እንዴት አልደረሰ!»

እውነቴን ነው፤ ወደዚህ አገር ሲመጣ በረሃውን በእግሩ አቋርጧል፤ ልቡ የቆመችው ግን እዚያው ሊፍቱና በሩ መካከል ነበር፣ ቁልፉን እንደያዘ። ለተዝካሩ የመጡት ሴቶች ተቀበሉኝ። ቤቱ ተናወጠ። ወዲያው በሩ ተደበደበ።

«ይኸው! አላልኩሽም?» አለ ይርጋ። ሄዶ ከፈተ።

ከታች ቤት ያለችው ጆርጂያዊቷ መበለት፣ ናና፣ ጥቁር ሻሿን አስራ ቆማለች። «ይቅርታ፣ አሁን እናቆማለን» አላት በዕብራይስጥ።

«ማን አቁሙ አለ? በአገሬ እንዲህ ያለው ለቅሶ ለጎረቤት ፍየልም አይበቃም!» ገፍታው ገባችና አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ ዞር ብላ፣ «የሞተው ያንተ አባት አይደል? ምን ለጎመህ?»

ይርጋ ሊመልስላት አፉን ከፈተ። የወጣው እንደ መርከብ ጥሩንባ ያለ ድምፅ ነው፤ ባዬ ከሞተ ጀምሮ ታምቆ የቆየ። ሺራ አባቷን እንዲያ አይታው አታውቅም፤ ሄዳ አቀፈችው። እኔና ናና፣ እኔ በአማርኛ እሷ በጆርጂያኛ፣ ተቀበልነው።

ከላይ ፎቅ አንድ ሰው በመጥረጊያ እንጨት ወለሉን ይደልቅ ጀመር።

ናና ወደ ጣሪያው ቀና ብላ፣ «ጎሽ፣ ከበሮም መጣልን» አለች።