ሊቀ ኮፈን ጋሽ ይርሳው

«የዳገቱ ንፋስ ሽው ሲል በማለዳ፣
እምም… እምምም… እም እም…»

ጋሽ ይርሳው የሚያንጎራጉሩት ዘፈን ይኸው ነው። ሁለተኛው ስንኝ የለም። «ነበረ» ይላሉ፤ ልጅ ሆነው ሰምተውታል። ግን እናታቸው ስም ሲያወጡላቸው ይህችኑ ስንኝ አስበው ያወጡት ይመስል፣ ረስተዋታል። ዜማ በሰማ ቁጥር ሆዱ ለሚባባ እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ሥቃይ ነው። የመጀመሪያው ስንኝ መንገድ ነው፤ አገሩ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። እሳቸው እመንገዱ ላይ ገትረውኝ ኮፈን ይከፍታሉ። የሚያንጎራጉሩት ደግሞ የመኪና ኮፈን ሲከፈት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልናገርና የሚቃወመኝ ይቃወመኝ፦ በዚህ አገር መኪና የሌለው የመኪና ሊቅ የማይገኝበት ከተማ የለም። ውሃ የሚጠፋበት ከተማ አለ፣ መብራት የሚጠፋበትም አለ፤ እሱ ግን ጠፍቶ አያውቅም። ደላላ አይደለም፤ አይከፈለውም። መካኒክ አይደለም፤ እጁን ግራሶ ነክቶት አያውቅም። መንጃ ፈቃድም የለውም። ነገር ግን ያገለገለች መኪና ልትገዛ አስበህ እንደሆነ፣ ወሬው ለአማትህ ሳይደርስ ለእሱ ይደርሳል። በማግስቱ ጠዋት በርህ ላይ ቆሞ ታገኘዋለህ። «ብቻህን እንዳትሄድ!» ይልሃል፣ ጅብ ወዳለበት ጫካ የምትገባ ይመስል።

የአሰላው ሊቅ በሙያቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ሜትራቸው ከአንገታቸው አይወርድም፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ እንኳ ጫፉ ከነጠላቸው ሥር ብቅ ይላል። ሰልባጅ ልብስ ገበያቸውን ስለበላባቸው ስሙ ሲነሣ ፊታቸው ይጠቁራል። ሰልባጅ መኪና ሲባል ግን እንደ መስከረም ማሳ ይበራሉ።

«ልጄ ዕዝራ» አሉኝ አንድ ቀን፣ «ልብስ ሲያረጅ ይዋሻል። መኪና ስታረጅ ግን እውነቷን ትናገራለች። ሰሚ ካገኘች ነው ታዲያ።»

ሰሚው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

አሠራራቸውን ልንገራችሁ። ሊቀ ኮፈን መኪናዋን መጀመሪያ አይነኳትም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይዞሯታል። ከዚያ ሜትሩ ከአንገታቸው ይወርድና በበርና በበር መካከል ያለው ክፍተት ይለካል። «ስፌቷ» ይሉታል። «መኪናም ኮትም አንድ ነው፤ ፊቱን ማንም ያሳምረዋል፣ አንተ ስፌቱን እይ!» ቀጥሎ የሞተር ዘይቷን ያሸታሉ። በመጨረሻ «አስነሡልኝ» ይሉና፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ያቺን ግማሽ ዘፈን ያንጎራጉራሉ። ሞተሩ ከዜማው ጋር ከሄደ ጤነኛ ነው። ካልሄደ «ቅኝቱ ጠፍቷል» ተብሎ ይፈረድበታል፤ ይግባኝ የለውም።

እኔ መኪና ስፈልግ፣ ዴራ ውስጥ ሀሰኖ የሚባል ፍየል ነጋዴ ቀይ፣ የምታብለጨልጭ መኪና አሳየን። ጋሽ ይርሳው አንዱን በር ከፈቱ፣ ዘጉ። ከፈቱ፣ ዘጉ። ሀሰኖ ትዕግሥቱ አለቀ።

«አባ፣ የሚገዙት በር ነው ወይስ መኪና?»

«በሯ ትዋሻለች» አሉ ጋሽ ይርሳው።

«ምን ብላ?»

«አልተነካሁም ብላ።»

ሀሰኖ እኔን አየኝ፣ በሩን አየ፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ዋላሂ፣ አምና ወይፈን ወግቷታል! ሽማግሌው ሰው አይደሉም!»

ሁልጊዜ ልክ ናቸው አላልኩም። ሮቤ ላይ አንዲት ደኅና መኪና አግኝተን፣ ሊቀ ኮፈን ዐይናቸውን ጨፍነው ካዳመጡ በኋላ «ታለከልካለች፤ ሳንባዋ ሄዷል» ብለው ጣሏት። ያለከለከው ከአጥሩ ጀርባ የታሰረ የጋሪ ፈረስ ነበር። ይህን ያወቅነው መኪናዋን ሌላ ሰው ገዝቷት አሰላ ድረስ ከነዳት በኋላ ነው። ዛሬም በልብስ ስፌት ቤታቸው ደጃፍ በየቀኑ ክላክስ እያሰማች ታልፋለች፤ አንድም ቀን ተበላሽታ አታውቅም። ጋሽ ይርሳው ከመርፌያቸው ቀና ሳይሉ «ቆይ፣ ታያላችሁ» ይላሉ።

አንድ ሌላ ጠባይ አላቸው፤ ሻጭ ቤት አይበሉም። ምግብ ቢቀርብ፣ ውሃ ቢቀዳ፣ «ቆይቼ» ብለው ግቢው ውስጥ እንደ ምሰሶ ይቆማሉ። ባለቤቴ ሳምራ ነርስ ናት፤ ምርመራ ሳታደርግ ደመደመች። «ጨጓራ ነው። ስለሚያፍሩ ነው የማይነግሩን።»

አሁን ስለ ሳምራ ልናገር፤ መኪናዋ የምትፈለገው ለእሷ ነውና። እኔ አሰላ አማርኛ አስተምራለሁ። እሷ የተመደበችው ዴራ ጤና ጣቢያ ነው። ሥራዋን ስትጨርስ ወደ አሰላ የሚወጣው የመጨረሻ ሚኒባስ ሄዷል። ስለዚህ እዚያው በኪራይ ክፍል ታድርና፣ እንደ ዘፈን አዝማች ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ትመለስልኛለች። ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያው የሠራተኛ ቤት ሰጣት። መልሷን ሰኞ ማሳወቅ ነበረባት። ከወሰደች ዴራ ልትኖር ነው፤ ካልወሰደች የምትመላለስበት መኪና ያስፈልጋታል። ወይ ትዳራችን አንድ ጣራ ሥር ይገባል፣ ወይ ቆላና ደጋ ይካፈለዋል። ይህን ለጋሽ ይርሳው ስነግራቸው ሜትራቸውን አጥብቀው ያዙና «እንግዲያስ ኢተያ!» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ኢተያ ደረስን። የመኪናዋ ባለቤት ወይዘሮ ተናኘወርቅ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። የሚሸጡት ዐይናቸው ስለደከመ ነው። መኪናዋ ትንሽ፣ አሮጌ፣ ሰማያዊ ቪትዝ ናት፤ ከስንዴ ማሳው ፊት ለፊት ስትቆም የሰማይ ቁራጭ የወደቀ መስላኝ ልቤ ዘለለ። ዝም አልኩ፤ ገዢ ልቡ እንደሚዘልል አያሳይም ተብያለሁ።

«ግቡ! ግቡ! ገንፎ እያገነፋሁ ነው» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ።

«ኧረ እማማ፣ ገና ሳንወልድ?» አለች ሳምራ።

«እናንተ ባትወልዱ ይህች መኪና እኔ የወለድኳት ያህል ናት፤ ዛሬ ልድራት ነው። ግባ እንጂ፣ አንተ ባለ ሜትሩ!»

«ቆይቼ» አሉ ጋሽ ይርሳው።

ስፌቷን ለኩ፤ ምንም አላሉም። ዘይቷን አሸተቱ፤ ቅንድባቸው ተነሣ። ከዚያ ሳምራ መሪውን ያዘች፣ እኔ አጠገቧ፣ ሊቁ ከኋላ፤ ቁልቁል ወደ ዴራ ወርደን በዳገቱ ልንፈትናት ዞርን።

ምን ልበላችሁ! ነፋሱ በመስኮቱ ገብቶ የሳምራን ሻሽ እንደ ባንዲራ ያውለበልባል። ማሳው በግራም በቀኝም ያጨበጭባል። ከፊታችን እህል የጫነ ትልቅ መኪና እያቃሰተ ይወጣል። ሳምራ ከንፈሯን ነከሰችና ነዳጁን ረገጠች፤ ቪትዟ ሽው ብላ አለፈችው። «እሰይ!» ብዬ ጮህኩ፤ ገዢነቴን ረሳሁት። ከኋላ «የዳገቱ ንፋስ ሽው ሲል በማለዳ» ይንቆረቆራል፤ ሞተሩ አብሮ ይዘፍናል፤ ባቲ ከሆነ ባቲ፣ አምባሰል ከሆነ አምባሰል። ሳምራ በዐይኗ ጥግ አየችኝ። በሐሳቤ ማታ ማታ እቤቷ ስትገባ አየሁ፤ እራት ላይ ስለ ታማሚዎቿ ስታወራልኝ ሰማሁ።

ድንገት እንጉርጉሮው ተቋረጠ።

ዞሬ አየኋቸው። ጋሽ ይርሳው የሚዳስሱት ወንበሩን ነው። ጣታቸውን በጠርዙ ሥር ሰደው፣ የሞተ ሰው የልብ ምት እንደሚፈልግ ሐኪም ፊታቸው ከብዷል። «ምነው?» ብላቸው በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። ኢተያ እስክንደርስ ጣታቸውን ከወንበሩ ጠርዝ አላነሡም።

ግቢው ውስጥ ወረዱ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ በሩን ከፍተው አጎነበሱ። ቀና ሲሉ ዐይናቸው እንባ ያቀረረ መሰለኝ።

«ተገልብጣለች» አሉ።

ሳምራ ቁልፉ ከእጇ ወደቀ። እኔም ያቺ የሰማይ ቁራጭ ገደል ለገደል ስትንከባለል ታየችኝ።

«የ… የት በኩል?» አለች ሳምራ።

«ከፊትም፣ ከኋላም።»

«ብዙ ጊዜ?»

«አንድ ጊዜ ነው። ግን እንዴት ያለ አገላበጥ! ወይ ጥበብ!»

«ሰው አልተጎዳም?»

ጋሽ ይርሳው አሰቡበት። «መቼም ጣት ሳይወጋ አይቀርም።»

በዚህ መሀል ወይዘሮ ተናኘወርቅ እንፋሎቱ የሚወጣውን ገንፎ ይዘው ከደጅ ቆመዋል። «ማናት የተገለበጠችው?»

«መኪናዎ፣ እማማ» አለች ሳምራ። «ምነው ቢነግሩን ኖሮ?»

ሴትዮዋ ገንፎውን መደቡ ላይ አኖሩና ቀጥ አሉ። ያስተማሯቸው ልጆች ሁሉ በዚያች ቅጽበት የትም ቢሆኑ ደንግጠው መሆን አለበት።

«እኔ? እኔ ተናኘወርቅ የተገለበጠች መኪና ቀለም ቀብቼ ለልጅ ልሸጥ? ቁልፌን ወዲህ! አልሸጥም! ለማንም አልሸጥም!»

ሰኞ በላዬ ወደቀብኝ። የዴራው የሠራተኛ ቤት፣ የቅዳሜው ሚኒባስ፣ ለብቻ የሚበላው እራት፣ ሁሉም ተደርድሮ መጣብኝ።

ጋሽ ይርሳው ግን እውነተኛ ግራ መጋባት ያዛቸው። አንዴ እኛን አንዴ ሴትዮዋን ያያሉ። «እትዬ፣ ምን አጠፋሁ? ማሞገሴ እኮ ነው!»

«ተገልብጣለች ማለት ሙገሳ ነው?»

«ወንበሩ! የወንበሩ ልብስ ነው የተገለበጠ! ኮት ፊቱ ሲገረጣ ምን ይደረጋል? ይፈታል፣ ጨርቁ ይገለበጣል፣ ያልተነካው ውስጡ ወደ ውጭ ወጥቶ እንደገና ይሰፋል። አዲስ ሆነ ማለት ነው! ዛሬ ማን ይገለብጣል? ይጥሉና ሰልባጅ ይገዛሉ እንጂ።» ወደ በሩ ተመለሱና የወንበሩን ጠርዝ አሳዩን። «ስፌቱን እዩት፤ ቀጥ ያለ ነው፣ እንደ ትልም። ይህን የሰፋ ማን ነው?»



«እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ቀስ ብለው። «ዐይኔ ሳይደክም። አንድ ክረምት ፈጀብኝ።»

ጋሽ ይርሳው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሳምራ ልጄ፣ ስሚኝ። የወንበር ጨርቅ ገልብጣ በእጇ የሰፋች ሴት፣ ዘይት ሳትቀይር አንድ ቀን አትነዳም። ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ግዣት።»

እኔ በደስታ ልፈነጥዝ ስል ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቅያሜያቸው አልበረደም።

«አልሸጥም አልኩ። ለነገሩስ ቤቴ መጥቶ ውሃዬን እንኳ ያልቀመሰ ሰው የሚፈርድልኝ ምኑ ነኝ? ምን አይተህብኝ ነው የማትበላ?»

ጋሽ ይርሳው ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዟዟሩ።

«እትዬ ተናኘወርቅ» አሉ በመጨረሻ፣ «ገንፎዎን በልቼ መኪናዎን ባማስ ምን ልባል ነበር? የበላበትን ወጭት ሰባሪ! ከበላሁ ደግሞ አፌ ይታሰራል፤ ያየሁትን ለእነዚህ ልጆች አልነግራቸውም። ስለዚህ ሳልፈርድ አልበላም። ሀሰኖ ቤትም አልበላሁ፣ ሮቤም አልበላሁ። በእርስዎ ብቻ አይደለም።»

ሳምራ መሬት መሬት አየች። ጨጓራ ያልነው ይህ ነበር። ስንቱ ግቢ ውስጥ፣ የሰው ወጥ እየሸተታቸው፣ እኛ በልተን ጠጥተን ስንወጣ እሳቸው በባዶ ሆዳቸው ቆመው ስፌት ይለኩ ነበር! አይከፈላቸውም ብዬ የጻፍኩትን ላርመው፦ ይከፍሉ ነበር እንጂ። በጆሯቸው ቢሳሳቱም፣ የጋሪ ፈረስ ከሞተር ባይለዩም፣ አፋቸውን ግን ለእኛ ሲሉ ነጻ አድርገው አቆይተውልናል። በልቤ «አባቴ» አልኳቸው፤ ጮክ ብዬ ለማለት አፈርኩ።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ወደ እሳቸው ጠጋ አሉ።

«አሁንስ? ፈርደሃል?»

«ፈርጃለሁ።»

«ላይነሣ?»

«ላይነሣ።»

ሴትዮዋ ጎንበስ አሉ፣ ቁልፉን ከመሬት አነሡ፣ በቀሚሳቸው ጫፍ አበሱትና በሳምራ መዳፍ ላይ አኖሩት። ከዚያ ወደ ሊቀ ኮፈን ዞሩ።

«ታዲያ ምን ይገትርሃል? ገንፎው በረደ እኮ! ቅቤው ረግቷል፣ ላሙቅልህ።»

«ኧረ ይተዉት፣ እንዲሁ ይሻላል» አሉ ጋሽ ይርሳው፤ ድምፃቸው ውስጥ የብዙ ቅዳሜ ረሃብ ነበር። ሳምራ እጃቸውን አስታጠበቻቸው። መደቡ ላይ ተቀመጡ፣ ሣህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት፣ ከጠርዙ ቆረሱና ከመሀል ካለው ቅቤ አጥቅሰው ጎረሱ። ደገሙ። «እንዴት ነው ታዲያ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሊቁ አፋቸው ሞልቶ ስለነበር ብይን መስጠት አልቻሉም፤ ጠጋ አሉና አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉልኝ።