በሙሉ አፍ የጸደቀው የመጉመጥመጫ ውሳኔ

ዕለቱ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ተኩል፣ ቦታው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሕሙማን ከሚተኙበት ክፍል አጠገብ ያለው ጠባብ የስብሰባ ክፍል ነው።

የተገኙ፦
ሐኪሙ፣ ሰብሳቢ
ሲስተር፣ የአስተኝቶ ማከሚያው ኃላፊ
ፋርማሲስቱ፣ አባል
የጽዳት ኃላፊዋ፣ አባል
የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ፣ ጸሐፊ (ይህን የሚጽፈው)

የቀረ የለም። ባለፈው ስብሰባ «ከሥራም ሆነ ከስብሰባ የቀረ አባል ስሙ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል» ስለተባለ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቶ ፈስሷል። ደንቡን ያረቀቀው ጸሐፊው ሲሆን፣ በጊዜው ተጨብጭቦለታል።

አጀንዳ ፩፦ በክፍሉ የተዛመተውን ጉንፋን ስለመግታት

ሲስተር እንዳስረዱት፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ወደ ቤታቸው ሊሄዱ የነበሩ እናት ትናንት ማሳል ጀምረው ኦክስጅን ተደርጎላቸዋል። ልጃቸው «እናቴ ከአልጋዋ አልወረደች፤ ጉንፋኑ በእግሩ መጣ?» ብላ ሲስተርን ጠይቃ መልሱን እየጠበቀች ነው። አባላቱ ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ጸሐፊው ጣሪያ ማየት እንዴት እንደሚመዘገብ ስለማያውቅ ሰረዝ አድርጎ አልፏል።

ሰብሳቢው መፍትሔው በእጃቸው እንደሆነ ገልጸው፣ ከጋዋናቸው ኪስ የአፍ መጉመጥመጫና የአፍንጫ ርጭት አወጡ። ማንኛውም ሠራተኛ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እንዲጉመጠመጥና አፍንጫው ውስጥ እንዲረጭ ሐሳብ አቀረቡ። ፋርማሲስቱ በበኩላቸው፣ መድኃኒቱ አፍ ውስጥ ያለውን ተሕዋስ ለጥቂት ጊዜ ሊቀንስ ቢችልም ጉንፋን እንዳይተላለፍ ስለማድረጉ በቂ ማስረጃ እንደሌለ፣ ጭምብልንና እጅ መታጠብንም እንደማይተካ አስረዱ። ሰብሳቢው አስተያየቱን ከልብ አመስግነው ሳይቀበሉት ቀሩ።

አርአያ ለመሆን አባላቱ በሙሉ እዚያው አፋቸውን ሞልተው ተጎነጩ። ያልተጎነጩት ሰብሳቢው ወዲያው «የሚቃወም ካለ ይናገር» አሉ። የተናገረ ስላልነበረ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሲስተር እጃቸውን አውጥተው ነበር፤ ሆኖም «ይናገር» እንጂ «እጁን ያውጣ» ስላልተባለ ጸሐፊው አልቆጠረውም።

አጀንዳ ፪፦ የት እንደሚተፋ

ይህ አጀንዳ አልተያዘም ነበር። ክፍሉ መታጠቢያ ስለሌለው በድንገት ተነሣ። የጽዳት ኃላፊዋ በገዛ ስኒያቸው ተፍተው ቀድመው የመናገር ዕድል አገኙ፤ ክፍሉ ጥግ ባለው የአበባ ማሰሮ የሚተፋ ሰው አበባውን ተሸክሞ ቤቱ እንዲገባም አሳሰቡ። ባልዲ ኮሪደር ላይ ይቀመጥ ወይስ በር ላይ በሚለው ክርክሩ ጦዘ። ከረዥም ውይይት በኋላ፣ ውይይቱም በአብዛኛው በዓይን ነበር፣ ባልዲ እንዲፈለግ ተወሰነ። ባልዲው መጥቶ ሌሎቹ ተፉ፤ ጸሐፊው እስከዚያው ድረስ መታገሥ አቅቶት ውጦታል።

አጀንዳ ፫፦ የአፍንጫ ርጭቱን ስለመሞከር

ፈቃደኛ ስለጠፋ ጸሐፊው ተመረጠ። እንደተረጨ አንድ አባል ደጋግሞ አስነጠሰ፣ ከዚያም ሳለ። ያለ አድልዎ ለመመዝገብ ያህል፣ አባሉ ጸሐፊው ነው። ሲስተር ግንባሩን ዳሰሱት።

«ወንድሜ፣ ትኩሳት አለህ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሐሙስ።»

«ዓርብ ዕለት እናትየዋን አልጋቸው ድረስ መጥተህ ያስፈረምካቸው አንተ አይደለህ?»

ጸሐፊው እሱ መሆኑን አመነ። ለምን ቤቱ እንዳልተኛ ሲጠየቅም ስሙ ሰሌዳ ላይ እንዳይወጣ ፈርቶ እንደሆነ አስረዳ። ፋርማሲስቱ ጉንፋኑ ከማን እንደተላለፈ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም አሉ። ጸሐፊው ስላጽናኑት አመስግኗል፤ አልተጽናናም። ሰብሳቢውም መድኃኒቶቹን የገዙት የራሳቸውን ጉሮሮ ስለከረከራቸው መሆኑን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አከሉ።

ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት እኔ ሲስተር ነኝ። ብዕሩን ተቀብዬ ጸሐፊውን ቤቱ ልኬዋለሁ።

ውሳኔ፦ መጉመጥመጫው፣ ርጭቱና ባልዲው ተሽረዋል። የሰሌዳው ደንብም ተሽሯል። ያመመው ሰው ቤቱ ይተኛ፤ ደፍሮ የመጣ ስሙ አይወደስም። ሰብሳቢው ሊቃወሙ አፋቸውን ሲከፍቱ ሳል ቀደማቸው፤ እንደ ድጋፍ ተቆጥሮ እሳቸውም ተሸኝተዋል።

ሰብሳቢም ጸሐፊም የሌለው ስብሰባ ከረፋዱ አራት ተኩል ላይ ተበትኗል። የእናትየዋ ልጅ በር ላይ ቆማለች። የጥያቄዋን መልስ ልነግራት ሄጃለሁ።