ጃንጥላ የተያዘለት ቅባት

[የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ጣሪያ። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ኬሚስትሪ የምታጠናው እህት፣ ጠዋት የፀሐይ መከላከያ ቅባት ቀብታ ያሰጣቻቸውን መስታወቶች ለታላቅ ወንድሟ አደራ ብላ ክፍል ገብታ ነበር። ስትመለስ ጃንጥላ ዘርግቶላቸው ቆሟል። ክው አለች።]

እህት፦ ኧረ ጋሼ! ምን እያደረግክ ነው?

ወንድም፦ ከፀሐይ ጠብቅልኝ አላልሽም? ክንዴ ዛለ እኮ!

እህት፦ «ፀሐይ ላይ ያሉትን ጠብቅልኝ» ነው ያልኩህ! ወፍ እንዳያበላሽብኝ!

ወንድም፦ ወፍማ አንድም ዝር አላለም። ያስቸገረችን ፀሐይዋ ናት።

እህት፦ ፀሐይዋን እኮ ነው የምፈልጋት! የማጠናው ቅባቱ ፀሐይ ሲመታው ምን እንደሚሆን ነው።

ወንድም፦ ስሙ ራሱ የፀሐይ መከላከያ አይደል እንዴ? ምን ይሆናል?

እህት፦ ጨረሩን ሲውጥ ይውልና ኬሚካሉ ይፈራርሳል። አቅሙ ያልቃል።

ወንድም፦ [ጃንጥላውን ወደ መስታወቶቹ አስጠግቶ] ውይ! ታዲያ ሲፈራርስ ቆሜ ልየው?

እህት፦ ይፈራርስ! እንዲፈራርስ ነው የምፈልገው!

ወንድም፦ ምን በደለሽ?

እህት፦ [ራሷን ይዛ] አማካሪዬ ዛሬ ውጤት ካላዩ ምረቃዬ ለከርሞ ነው። ጋሼ፣ ጉድ ሠራኸኝ!

ወንድም፦ [አፍሮ] ጃንጥላውም አልበቃ ብሎኝ ግማሾቹ ፀሐይ ሲመታቸው ነው የዋሉት። ይቅር በይኝ።

[ስልኳ ይጮኻል። አማካሪዋ ናቸው።]

እህት፦ አቤት ዶክተር... አዎ፣ ሁሉንም ፀሐይ ላይ ነው ያሰጣኋቸው... ጥላ ውስጥ የዋለ? ለማወዳደሪያ? [ድምጿ ይሰልላል]

ወንድም፦ [በሹክሹክታ] ምን አሉሽ?

እህት፦ [ስልኩን በመዳፏ ሸፍና] ጥላ ውስጥ የዋለ ከሌለሽ፣ ፀሐይ ያበላሸው ይሁን በራሱ ጊዜ የተበላሸ በምን ታውቂያለሽ አሉኝ። ጭራሽ አላሰብኩበትም! አለቀልኝ!

[ዓይኗ ቀስ ብሎ ጃንጥላው ሥር ወዳሉት መስታወቶች ሄደ።]

እህት፦ [መዳፏን ከስልኩ ላይ አንስታ] አለ ዶክተር! ግማሹ ከጠዋት ጀምሮ ጥላ ውስጥ ነው!... ማን አሰበው? [ወንድሟን በጎን አይታ] ወንድሜ... እሺ፣ እነግረዋለሁ። [ስልኩን ትዘጋለች]

ወንድም፦ ተቆጡ?

እህት፦ [በቁጭትና በሳቅ መሃል] «እንዲህ ያለ ጭንቅላት ሜዳ ላይ አይቀርም፤ መጥቶ እዚህ ይማር» ብለውሃል።

ወንድም፦ [ጃንጥላውን መልሶ መስታወቶቹ ላይ እያዘነበለ] ኧረ ይቅርብኝ! ትምህርት ሰውን ምን እንደሚያደርግማ አንቺን አይቻለሁ።