ሊቀ አኅጽሮት እና የም/ጎጃም ዜና

ዜና ጸሐፊ ያሳጠረውን ቃል መልሶ የሚያስረዝም አንድ ሰው የሌለው ሰፈር በአገራችን የለም። በፍኖተ ሰላም፣ እኛ ሰፈር፣ ይህን ሥራ የያዙት ልብስ ሰፊው አያ ወንድምአገኝ ናቸው። የሾማቸው ባይኖርም «ሊቀ አኅጽሮት» እንላቸዋለን። ዜና ያልገባው ሁሉ ስልኩን ይዞ ወደ ስፌት መኪናቸው ይመጣል፤ እርሳቸውም መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ይህማ ግልጽ ነው፤ ሲፈታ...» ይላሉ።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። «ም/ቤት» ዜና ላይ ምክር ቤት ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ በአንድ ቤት በር ላይ ደግሞ ምግብ ቤት። «ም/ኃላፊ» ሲባል ም ምክትል ትሆናለች። አያ ወንድምአገኝ መጀመሪያ የሚከተለውን ቃል ያያሉ፣ ካልሆነ የሚቀድመውን፣ ካልሆነ ጸሐፊውን ይገምታሉ። አንዴ «ኮ/ር» የተባለውን የቡሬ ሰው፣ ኮማንደሩን፣ ኮሚሽነር ብለው ፈቱትና ዘመዶቹ ለሹመቱ ጠላ ጠንስሰው ነበር። ቢሆንም «አላውቅም» ሲሉ የሰማ የለም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤታቸው እናኑ ስልኳን ይዛ መጣች። ገበዝ ማርያም ከተማ የምታስተምረው ልጇ ሕሊና በሚኒባስ ወደ ቤት እየመጣች ነበር፤ ስልኳ ግን ከጠዋት ጀምሮ አይሠራም። ዜናው አጭር ነው፦ «በም/ጎጃም ሚኒባስ ተገልብጦ በሰው ሕይወት ላይ ጉዳት ደረሰ።»

«አያ፣ ይቺ ም የእኛ ናት ወይስ የማርቆሶቹ?»

ምዕራብም በም ይጀምራል፣ ምሥራቅም በም። ምዕራብ ከሆነ ሕሊና ያለችበት መንገድ ነው፤ ምሥራቅ ከሆነ ከእሷ ሩቅ ነው። አያ ወንድምአገኝ የሚከተለውን አዩ፤ ጎጃም። የሚቀድመውን ፈለጉ፤ ምንም የለም። የወረዳ ስም የለ፣ የቀበሌ ስም የለ።

«ሲፈታ...» ብለው ጀመሩና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሲፈታስ ምንድን ነው?»

«ቆዪ እስቲ፣ ላጣራ» ብለው የጀመሩትን ሱሪ መርፌው ሥር እንደተወጠረ ትተው ወጡ።

በቀጥታ ወደ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ሄዱ፤ የመሪጌታ ወንድም እዚያው ገበዝ ማርያም ያገለግላል። ከመንገድም ሾፌሮችን ሁሉ የሚያውቁትን አቶ ስመኘውን አስከተሉ። ሦስቱ ተቀምጠው ደወሉ፣ ደግመው ደወሉ። በመጨረሻ ተገኘ፦ የተገለበጠው መኪና ምሥራቅ ነው፤ የሕሊና ሚኒባስ ጭቃ ይዞት ተሳፋሪው እየገፋ ነው። ሦስቱም ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ መሪጌታን አስቀድመው፣ ምሥራቹን ሊያደርሱ ተነሡ።

ሊቀ አኅጽሮት ግን አንድ ነገር ረሱ። በእኛ አገር የሞት ወሬ በስልክ አይነገርም፣ በአንድ ሰው አፍም አይነገርም። ሽማግሌዎች ካህን አስቀድመው፣ ድምፃቸውን አጥፍተው ወደ አንድ ደጅ ከመጡ መርዶ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። እናኑ ከሩቅ አየቻቸውና ደጇ ላይ ተዘርራ ወደቀች። የጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። የለቅሶው ድምፅ ሲሰማ አያ ወንድምአገኝ መሪጌታን ቀድመው በዚያ ዕድሜያቸው ሮጡ።

«ደኅና ናት! ጭቃ ይዟቸው ነው እንጂ ደኅና ናት!»

እናኑ ለማመን ጊዜ ወሰደባት። «ለመርዶ ካልሆነ ካህን ምን ያደርግልዎታል?»

«ለማጣራት ነው፣ እናኑ።»

«ማጣራትዎ ሊገድለኝ ነበር፤ ዋሽተውኝ ቢሆን ይሻል ነበር።»

ሕሊና ሲመሽ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ ገባች። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። አያ ወንድምአገኝ ግን አልሳቁም። «ምሥራቅ ነው ሲሉን ደስ አለን» አሉ። «እዚያም እኮ ስልክ ይዛ የምትጠይቅ እናት አለች።»

ከዚያ ወዲህ «ም/ጎጃም» የሚል ክፉ ዜና በወጣ ቁጥር የስፌት መኪናው ይቆማል። እስኪያረጋግጡ ይደውሉና ከዜናው ሥር፣ በአስተያየት መስጫው፣ ለማያውቋቸው ሰዎች ሙሉውን ይጽፋሉ፦ «ምሥራቅ ማለቱ ነው። የምዕራብ እናቶች ተረጋጉ፤ የምሥራቆቹን እግዚአብሔር ያጽናችሁ።» ስንቀልድባቸው የነበርነው እኛም ተራ ገብተን የስልክ ካርድ እንሞላላቸዋለን፤ ልብሴ ዘገየ ብሎ የሚያጉረመርም ጠፍቷል።

ዛሬ ጠዋትም አንድ የም/ጎጃም ዜና ወጥቷል፤ ጎርፍ ነው፣ ወረዳው አልተጠቀሰም። ቡሬ ስልኩ አይነሣም። ደንበጫ ተይዟል። አያ ወንድምአገኝ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ጅጋን እየሞከሩ ነው፤ እኛም ዙሪያቸውን ቆመን ሲጠራ እናዳምጣለን።