አምስት ስፒከርና ሦስት ሽማግሌ

መርካቶ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ቦታ ማንም እንዲያስተምረው አይፈልግም። እኛ ለአንድ ስንዝር የሱቅ ደጃፍ ሃያ ዓመት ተኳርፈን፣ እንደተኳረፍንም ጎን ለጎን የምንነግድ ሰዎች ነን። ሸማ ተራ ጋቢ የምሸጥባት ሱቄ በር ላይ ጎረቤቴ መደርደሪያውን አራት ጣት ቢያስጠጋ፣ ዓይኔ ሳያይ ልቤ ይነግረኛል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው በገዛ ሳሎኑ ውስጥ ቦታ ይስታል ብላችሁ ትጠረጥራላችሁ? እኔም አልጠረጠርኩም።

ነገሩ የጀመረው ሆም ቴአትር የገዛሁ ዕለት ነው። ለምን ገዛህ አትበሉኝ። ሰው ጎረቤቱ የገዛውን ለምን እንደሚገዛ ተጠይቆ መልስ ሰጥቶ ያውቃል? መሳለሚያ ጀርባ ያለው ቤታችን ውስጥ፣ ወላጆቻችን ካለፉ ወዲህ የምንኖረው እኔና ታናሽ እህቴ ትዕግሥት ብቻ ነን። ለሁለት ሰው አምስት ስፒከርና አንድ የሚያጓራ ሳጥን ምን ያደርጋል? ይህን የጠየቀችኝ እሷ ነበረች። ሴት ስለ ድምፅ ምን ታውቃለች ብዬ አሰብኩ። ማሰብ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ አፌም አልቀረም።

ሊገጥምልኝ የመጣው ቴክኒሻን ሜትር ይዞ ገባ። ግድግዳውን ለካ፣ ጣሪያውን ለካ፣ ቀጥሎ እኔን ሶፋ ላይ አስቀምጦ ከወለሉ እስከ ጆሮዬ ለካኝ። በዕድሜዬ ልብስ ሰፊ እንኳ ጆሮዬን ለክቶኝ አያውቅም። "አለቃ፣ ዋናው ዕቃው አይደለም፤ ቦታው ነው" አለኝ። ለመርካቶ ሰው ይህን ብለኸው እንዴት አያምንህም? አመንኩት። ሁለቱ ስፒከሮች በረጃጅም እግራቸው ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ቆሙ፤ አንዱ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተጋደመ፤ ሁለቱ ከኋላችን ተሰቀሉ። የሚያጓራው ሳጥን ጥጉን ያዘ። ግድግዳው ያስተጋባልና ወፍራም ነገር ይልበስ ሲለኝ ከሱቄ አራት ጋቢ አምጥቼ አለበስኩት። ለአንዳንድ ዘመዶቼ አንድም አልሰጠሁም፤ ለግድግዳ ግን አራት።

በመጨረሻ ሶፋዎቹን ሁሉ በአንድ መስመር ደርድሮ ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረ። እግሮቻቸው ባረፉበት ወለል ላይ ቀይ ፕላስተር ለጠፈና፣ ከዚህ ትንሽ ፈቀቅ ካሉ ድምፁ ይበላሻል፣ ኋላ እኔን እንዳትወቅሰኝ ብሎኝ ሄደ። እኔም ያን ፕላስተር እንደ ድንበር ምልክት ጠበቅኩት።

ትዕግሥት ግን አልተዋጠላትም። "ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ሳሎን ነው አውቶቡስ? ሰው መጥቶ እንዴት ይጫወታል?" አለችኝ። ያሳሰባት ሌላ ነገር እንደነበር አውቃለሁ። አራት ዓመት የጠበቀችው ብሩክ የሚባል ልጅ በመጪው እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ነበር። አባታችን የለም፤ ሽማግሌ ተቀብሎ እሺ ወይም እንቢ የሚለው እኔ ነኝ። ልጁን እወደዋለሁ፣ እሺ ማለቴም የታወቀ ነው። የቀረው ወጉን መፈጸም ብቻ ነበር። ለእሑድ ብቻ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ሶፋዎቹን ፊት ለፊት እናድርጋቸው ብላ ለመነችኝ። እኔ ደግሞ እንዲያውም ሽማግሌዎቹ ይደነቁበታል አልኳት። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እሷ መከረችኝ፤ መከራው እሑድ ጠዋት ሦስት ሆኖ መጣ።

መሪያቸው ጋሽ መኮንን ነበሩ። አባቴን የሚያውቁ፣ በከዘራ የሚሄዱ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። እንደ ወጉ ቆመው፣ ለጉዳይ ነው የመጣነው፣ ካልተፈቀደልን አንቀመጥም አሉ። ኧረ ይቀመጡ ብዬ ሦስቱንም መሃል ላይ፣ ድምፁ በሚያምርበት አስቀመጥኳቸው። እኔ ዳር ያዝኩ። አራታችንም ጠፍቶ የጠቆረውን ቴሌቪዥን እያየን፣ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ተደረደርን።

ጋሽ መኮንን ጀመሩ። አባትህ ነፍሱን ይማረውና፣ ዛሬ አንተን እንደ እሱ ቆጥረን መጥተናል እያሉ ለቴሌቪዥኑ ነገሩት። ትንሽ ቆይተው እኔን ለማየት ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። በመሃላችን ያሉት ሰው እንዳይከልሉኝ ወደ ኋላ ተለጠጡ። እኔም ጎንበስ ስል ጋሽ መኮንን ቀና አሉ። ደግመን ሞከርን፣ ደግመን ተላለፍን።

"ልጄ፣ ይሄን ወንበር ትንሽ ብናዞረው?" አሉኝ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ድምፁ ይበላሽብኛል" አልኩ።

ቴሌቪዥኑ እንደተዘጋ ነው። "የማን ድምፅ?" አሉኝ።

በጣቴ ወለሉ ላይ ያለውን ቀይ ፕላስተር አሳየኋቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጫማቸውን ማየት ያዙ።

ጋሽ መኮንን ደግ ሰው ናቸውና አልተቆጡም። ግድ የለም፣ ልጅ ሲለመን ዓይን ለዓይን እየተያዩ ነው፣ እኔው ዞሬ እቆማለሁ ብለው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደው ፊታቸውን ወደ እኛ ሲያዞሩ እግራቸው በቀኙ ስፒከር ሽቦ ተጠለፈ። ስፒከሩ ወደ አንድ ወገን፣ ጋሽ መኮንን ወደ ሌላው አዘነበሉ። ከተቀመጥኩበት ተወርውሬ ተነሳሁ። ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ቀን ፈጥኜ አላውቅም። ደረስኩም፣ ያዝኩም።

ስፒከሩን።

ጋሽ መኮንን በጉልበታቸው ወደቁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ደጋግፈው ሲያነሷቸው እኔ ስፒከሩን እንዳቀፍኩ ቆሜያለሁ። ሱሪያቸውን አራገፉ። "አይዞህ ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ። እሱስ ተረፈልህ?" አሉኝ። ቀጥለውም፣ መልሳችንን አግኝተናል ብለው ይዘዋቸው የመጡትን ሰዎች አስከትለው ወጡ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚለው ተረት ለጨርቅ ነጋዴ የተተረተ ይመስለኝ ነበር።

ትዕግሥት ለስላሳ የደረደረችበትን ትሪ ይዛ የጓዳው በር ላይ ቆማ ሁሉንም አይታለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። አስቤ አይደለም፣ እጄ ነው የቀደመኝ ስላት፣ "እጅማ የሚሳሳለትን ያውቃል" አለችኝና ትሪውን አስቀምጣ ገባች።

በነጋታው ይቅርታ ልጠይቅ ጋሽ መኮንን ቤት ሄድኩ። ፊት ለፊታቸው አስቀመጡኝ። ለእኔ ለራሴ ይቅር ብዬሃለሁ፣ ለልጁ ቤተሰብ ግን ያየሁትን ነግሬያለሁ፣ ሽማግሌ አይዋሽም አሉኝ። የብሩክ አባትም፣ ሽማግሌያችን ወድቀው ዕቃ የሚያነሳ ሰው ደጅ ዳግመኛ አንረግጥም ብለው ነበር። ምን ልበል? እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን ከዚህ የባሰ እል ነበር። አፈርኩ። እፍረት ደግሞ ወፍራም ነገር ቢያለብሱትም አይታፈንም።

በሳምንቱ ትዕግሥት ሻንጣዋን ይዛ ደብረ ብርሃን አጎታችን ዘንድ ሄደች። ሽማግሌዎቹም እዚያው ሄደው ለመኗት፤ አጎታችን ክብ ሠርተው እንዲቀመጡ አድርጎ፣ ዓይናቸውን እያየ እሺ አለ። ሰርጉ ሲደገስ አልተጠራሁም። ቀኑን የሰማሁት ሱቄ ጋቢ ሊገዛ ከመጣ የሰፈራችን ሰው ነው። ለእህትህ ሰርግ የሚሆን ጋቢ ነው፣ ቅናሽ አድርግልን አለኝ። አደረግኩ።

ከወር በኋላ አጎቴ የሰርጉን ቪዲዮ በፍላሽ ላከልኝ። በሩን ዘግቼ፣ ሶፋው መሃል ተቀምጬ ከፈትኩት። እህቴ ነጭ ለብሳ አምራለች። አጎቴ ከጎኗ፣ እኔ በምቆምበት ቆሟል። ጋሽ መኮንን ሊመርቁ ሲነሱ አንዲት ሴት፣ የሙሽራዋ ወንድም የታለ ብላ ጠየቀች። ትዕግሥት ፈገግ አለች።

"እሱ ቤት ነው። ዕቃ እንዳይወድቅ ይጠብቃል።"

ቃሏ ከፊት ለፊቴ፣ ትንፋሿ እንኳ ሳይቀር፣ ጥርት ብሎ ወጣ። ሰርገኛው በሙሉ ሳቀ። ሳቁ ከግራ፣ ከቀኝና ከኋላዬ መጣ፤ እኔ ልክ መሃሉ ላይ ነበርኩ።